ወለል የሚሰማው ሳጥን

ጥቅምት 6

ለአጎቴ ልጅ፣ ለወንድሜ ለሙጫው፤

ይህ ወረቀት እጅህ ከመግባቱ በፊት ጤናና ሰላም ቀድመውት ደጅህን ያንኳኩ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ እንዳለን አለን። እማዬ ሐምሌ ላይ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም፤ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ይሮጣል። ጆሮዋንማ የሽመናው ፋብሪካ ከወሰደው ቆየ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ፣ የኔስ ጭራሽ ሸፈተ» እያለች ጠያቂ ታስቃለች። አሁንም ሰው የምትሰማው ከንፈር አይታ ነው። እኔም ከላውንደሪው ካውያ ጋር እንደተፋጠጥኩ ነኝ፤ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ ውዬ የራሴን ሳልተኩስ እለብሳለሁ።

የጻፍኩልህ ለጉዳይ ነው። የወንድሜ የጎርናናው የቤዝ ጊታር ሳጥን ተበላሽቷል። የስፒከሩ ወረቀት ተቀዶ በፕላስተር ለጠፍኩት፤ ወፍራሙ ክር በተነካ ቁጥር ግን ፕላስተሩ ይንጣጣል። ሳጥኑም ከጉዞ ሲመለስ ማዕዘኑ ተሰንጥቋል። አምፕሊፋየሩ ግን ደህና ነው፤ ቀይ መብራቱ ይበራል። አንተ ስፒከር ስትጠግን የምትውል ሰው ነህና የትኛው ሳጥን እንደሚሻል ምረጥልን።

ወንድሜና እማዬ እንደተኳረፉ ናቸው። ከጋራዥ ሥራው ወጥቶ ጊታር የያዘ ቀን «ዳግመኛ ዓይንህን እንዳላይ» ያለችው እስከዛሬ ጸንቷል። እሱ ላይኛው ክፍል፣ እሷ ታች። ግን አመሻሽ ላይ እጇን የአልጋው ራስጌ ላይ ታሳርፋለች። አልጋዋና ደረጃው አንድ ግድግዳ ተደግፈው የለ? ቤዙ ሲመታ ንዝረቱ በጣውላው ወርዶ መዳፏ ውስጥ ይገባል። ያኔ «ገብቷል» ትላለች፤ ስሙን አትጠራም። እራቷን የምትበላው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የሳጥኑ ነገር የሙዚቃ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ።

ወንድሜ እጁ ስላልተመቸው እኔ ጻፍኩልህ። ለመሆኑ ኦም የሚሉት ነገር ምንድን ነው? አምፑ ጀርባ ላይ ተጽፏል።

እህትህ ድንቢጥ


ጥቅምት 27

ለድንቢጥ፣ ከክብደቷ ወሬዋ ለሚበልጠው፤

ሰላምታዬ ከደጃፍ ተነስቶ እስከ ላይኛው ቤት ይዳረስ። አክስቴ ጋ ሲደርስ ግን ቆም ይበልና ሁለቱንም ጉንጯን ይሳም። ዳሌዋን ፈጣሪ ይጠግንላት፤ እኔ የምጠግነው ስፒከር ብቻ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ወርክሾፑ ከመንገድ በታች ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የማየው የሰው ጫማ ነው። እጄ ከኮላ አልተላቀቀም፤ ሙጫው ያላችሁኝ ያለ ነገር አይደለም። ባለፈው ሳምንት ቁርሴ ጣቴ ላይ ተጣብቆ አለቃዬ በሳቅ ሊሞት ነበር።

ወደ ጥያቄሽ። ኦም ማለት ስፒከሩ አምፑን ምን ያህል እንደሚግደረደርበት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ስፒከሩ ያለ ልክ ይጠጣል፣ አምፑም ሲያጠጣ ይቃጠላል። ጀርባው ላይ «ከአራት ኦም ያላነሰ» የሚል ከሆነ፣ ባለ ስምንቱን ሳጥን ብትሰኪበት ይስቃል፤ ባለ አራቱን ብትሰኪ ያልበዋል፤ ባለ ሁለቱን ብትሰኪ እሳት አደጋ ጥሪ። ይህን ጎርናናው በእንቅልፍ ልቡ ያውቀዋል፤ ምነው እሱን አልጠየቅሽውም?

ሳጥን ሲመረጥ የሚጠየቀው ማን ይሰማዋል፣ የት ይቀመጣል፣ ማን ይሸከመዋል ነው። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ብቻ ጠይቆ ይገዛና የመጨረሻው ወገቡን ሲሰብረው እያነከሰ ወደ እኛ ይመጣል። ለእናንተ ቤት እኔ ብሆን ሁለት ባለ አሥር ኢንች ስፒከር ያለበትን ቀላሉን እመርጣለሁ። በአንድ እጅ ይነሳል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ያ ከአክስቴ ቁምሳጥን በር የሠራነው ሳጥን ጡረታ ይውጣ። ትዝ ይልሻል? በሩን ነቅለን ስለወሰድንባት ወር ሙሉ ልብሷን በአንሶላ ጋረደች። እኔ ደግሞ «ከባድ ካልሆነ አይጮህም» ብዬ ውስጡን በጣውላ ላይ ጣውላ ደራርቤው፣ ለማንሳት የሰፈር ሰው መጥራት ነበረብን።

እዚህ ስፒከር ጠግኜ ስጨርስ የምፈትሸው አሁንም በ«ደረጃ» ነው። ያቺ ከቀጭኑ ክር ተነስታ እየወረደች ወፍራሙ ላይ የምታርፈው፣ ጎርናናውና እኔ የፈጠርናት ዜማ። አለቃዬ ሳያውቀው እያፏጫት ነው የሚውለው።

ጎርናናው እጁን ምን ሆነ? ባለፈው «የስፒከር ቀባሪ» ብሎ ሰድቦኝ መልሴን ልኬ እስካሁን ዝም። የተሸነፈ ሰው ዝምታ ነው ብዬ ይዤበታለሁ። በዪው።

ወንድምሽ ሙጫው


ኅዳር 22

ለአጎቴ ልጅ፤

ከምንጊዜውም የበለጠ ጤና ይስጥህ። መልስህ ደርሶኝ ደስ አለኝ፤ የጫማውን ነገር ለእማዬ ነግሬያት «የሰው አገር ጫማ እንኳ ቢሆን ይየው፣ ብቻውን ከሚሆን» ብላለች።

አምፑ ጀርባ ላይ ያለው እንዳልከው «ከአራት ያላነሰ» ነው። ክፍሉን ለካሁት፤ በእግሬ አሥር እርምጃ በስምንት ነው። ወለሉ ያው ጣውላ፣ ሥሩ ባዶ ነው።

ሳጥኑን ግን አስብበትና ለውጥልን። ቀላሉ አይሆንም። ጥርት ያለ ድምፅም አንፈልግም። መንገድ ላይ ያለ ሰው ባይሰማውም ግድ የለም፤ ወለሉ ይስማው። ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን ስለ ሙዚቃ አንዳንድ ነገር ያውቃልና «ባለ አሥራ አምስት ኢንች ነው መሬት የሚያንቀጠቅጠው» አለኝ። እውነት ከሆነ እሱ ይሁን። ክብደቱ አያስጨንቅህ፣ ተሸካሚ አይጠፋም። አንድ ጊዜ ከወጣ ማን ያወርደዋል?

ብቻ ፍጠንልኝ። ፕላስተሩ ሁለት ጊዜ ለቀቀ። ሰኞ ዕለት እማዬ እጇን ራስጌው ላይ አድርጋ ቆየችና በዚያ በሽመና ማሽን ላይ በለመደችው ጩኸቷ «ልጁ ታሟል እንዴ?» አለች። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። «ጉንፋን ነው» አልኳት። ያን ማታ እራቷን ነካ አድርጋ መለሰችው።

ጎርናናው ሰላም ይልሃል።

ድንቢጥ


ታኅሣሥ 14

ለድንቢጥ፤

ሰላም ለቤቱ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለ አሥራ አምስቱ መሬት ማንቀጥቀጡ እውነት ነው፣ ፀጉር አስተካካዩ አልዋሸሽም። ሳጥኑ ትልቅ ይሆናል፣ የአየር ቀዳዳው ይረዝማል፣ ከሥሩ የጎማ እግር ሳይኖረው በቀጥታ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ይህን ልሠራው እችላለሁ።

ግን ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ድምፁ ባይሰማም ግድ የለም የሚል ቤዝ ተጫዋች በዕድሜዬ አላየሁም። ስለ ኦም የሚጠይቅ ጎርናናውንም አላውቅም። ሰላም ይልሃል አልሽኝ። ጎርናናው ለእኔ ሰላም ብሎ አያውቅም፤ ስድብ ነው የሚልከው። ከመጀመሪያው ደብዳቤሽ ጀምሮ ፕላስተር የለጠፍሽው አንቺ፣ ክፍሉን የለካሽው አንቺ፣ በእግርሽ። ወንድምሽ ሜትር ያለው ሰው ነው።

ድንቢጥ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ሁላችሁም አላችሁ፣ ጎረቤት ሳይቀር አለ። ጎርናናው ግን የለበትም። የት ነው?

ሙጫው


የካቲት 3

ለአጎቴ ልጅ፣ ለወንድሜ፤

ይህን ስታነብ ተቀመጥ። ብቻህን ከሆንክ ደግሞ አለቃህን ጥራውና አጠገብህ ይቀመጥ።

ጎርናናው ሞቷል። ሐምሌ ላይ ነው።

ከቡድኑ ጋር ራቅ ያለ ከተማ ተጫውተው ሲመለሱ ዝናብ ነበር። እሱ ከዕቃው ጋር ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ሳጥኑ ከባድ ስለሆነ እንዳይንሸራተት ጀርባውን ሰጥቶት። መኪናው ጠመዝማዛው ላይ ተገለበጠ። ሌሎቹ ተርፈዋል። ሳጥኑንም አመጡልኝ።

ያን ጊዜ እማዬ ሆስፒታል ነበረች፣ ዳሌዋን ገና ቀዶ ሕክምና ያደረጉላት ሰሞን። ሐኪሙ «ድንገተኛ ነገር እንዳትሰማ» አለኝ። ቀበርነውና አልቅሰን ፊታችንን ታጥበን ልንጠይቃት ሄድን። ላንተም ያልጻፍኩት፣ ለአንድ ሰው እውነቱን ከጻፍኩ እሷ ፊት መቆም የማልችል መስሎኝ ነው። የዘመድ አዝማዱንም አፍ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ዛሬም ቢሆን ሳልጽፍ ስንት ወረቀት ቀደድኩ።

ቤት የተመለሰች ቀን አመሻሽ ላይ እጇን ራስጌው ላይ አስቀመጠች። ንዝረቱን ጠበቀች። እኔ የውኃ ጆግ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ዓይንህን እንዳላይ ያለችው ትዝ አለኝ። ይህን ቃል ይዛ ልጇ መሞቱን ከሰማች አንድ ቀን አታድርም ብዬ ፈራሁ። ጆጉን አስቀምጬ ወደ ላይ ወጣሁ። አምፑን አበራሁና «ደረጃ»ን ተጫወትኩ። ልጅ ሆነን ጣቴን እየያዘ አስተምሮኝ አልነበር? አልሳትኩም። ስወርድ እጇ አሁንም እዚያው ነበር። «ገብቷል» አለች። እራቷንም በላች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይኸው በየቀኑ ነው። አንድ ኖታ እንዳይዛነፍ ብዬ ጣቶቼ እስኪደሙ ተለማምጃለሁ። የት ጋ እንደሚዘገይ፣ ወፍራሙን ክር ምን ያህል እንደሚያቆየው፣ ሁሉንም እሱ እንደሚያደርገው ነው የማደርገው። አንዳንዴ ስጫወት እጄ የኔ አይመስለኝም። ኮቱ በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፣ አላነሳሁትም። ኮቱን እንዳላይ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። እማዬንም ስዋሻት ከንፈሬን እንዳታይ ፊቴን ማዞር ለምጃለሁ። ዞሬ ዞሬ አሁን የትኛው ወገን ፊቴ እንደሆነ ጠፍቶኛል።

የቡድኑ ከበሮ መቺ ስጫወት ሰምቶ በጎርናናው ቦታ ግቢ ብሎ ደጅ ይጠናኛል። ሳቅኩበት። አመሻሽ ላይ እዚህ ካልሆንኩ እማዬ ምን ልትበላ ነው?

አንድ ነገር ልንገርህ፣ እብድ እንዳትለኝ። ያለፈው ረቡዕ ስፒከሩ ጭራሽ ጠፋ። እንጥፍጣፊ ድምፅ አልወጣውም። ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ አምፑ ፊት ተቀምጬ በድን ክር ስነካካ ቆየሁ። ምንም ንዝረት የለም፣ ወለሉ ጸጥ ብሏል። የጉንፋን ሰበብ እያዘጋጀሁ ስወርድ እማዬ ዓይኗን ጨፍና፣ መዳፏ ራስጌው ላይ፣ ፈገግ ብላ አገኘኋት። «ዛሬ ደህና ተጫወተ» አለችኝ።

ወንድሜ፣ ማንም አልተጫወተም። ከዚያ ወዲህ ደረጃውን ስወጣ ወደ ኋላዬ አያለሁ።

ሳጥኑን ላክልኝ። ከባዱን። ድምፁ ከእኔ እጅ እንደሚመጣ እርግጠኛ ልሁን።

ድንቢጥ


የካቲት 28

ለድንቢጥ፣ ለእህቴ፤

መጽናናቱን ይስጥሽ፤ ለእኔም እንደዚሁ። አለቃዬን ጠራሁት እንዳልሽው። ቋንቋችንን ባያውቅም አጠገቤ ተቀምጦ ደብዳቤሽን እንደሚያነብ ሰው አብሮኝ አየው። ከዚያ ወርክሾፑን ዘግቶ ሻይ አፈላልኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እውነት ነው፣ አልገደደም። የላይኛው ጎረቤቴ ግድግዳ መደብደብ ልማዱ ነው፤ ያን ቀን ግን ዝም አለኝ።

ተቆጥቼሻለሁ። ስንት ወር ሙሉ ለሞተ ሰው ቀልድ ስልክ! «የተሸነፈ ሰው ዝምታ ነው» ስል! ግን ያን ጆግ ይዘሽ በሩ ላይ ስትቆሚ በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ስንት ቁጣ መያዝ እችላለሁ? እኔስ ብሆን ምን አደርግ ነበር? ያን ሳጥን ደግሞ ጣውላ ላይ ጣውላ የደረብኩት እኔ ነኝ። ይህን ለማን እንደምናገረው ስለማላውቅ ለአንቺ ተናገርኩት። መልስ አትስጪበት።

ስፒከር ከጠገንኩ በኋላ «ደረጃ»ን መጫወት አቅቶኛል። ጀመርኩና መሐል ላይ ቆመች። ትናንት አለቃዬ ወጥቶ ብቻዬን ስሠራ፣ መደርደሪያው ላይ የነበረ አሮጌ ስፒከር ወረቀቱ ሲርገበገብ አየሁ። አልተሰካም። በር የከፈተ ሰው ነፋስ ይሆናል። ይሆናል እንጂ፣ ሌላ ምን ይሆናል?

ሳጥኑን ጀምሬዋለሁ። ከወፍራም ኮምፔንሳቶ፣ ለባለ አሥራ አምስት ኢንች ስፒከር። እንደፈለግሽው ወለል የሚሰማው ይሆናል። ሁለት ሰው ያነሳዋል፤ ለደረጃው ደግሞ ሌላ አንድ ከሥር የሚገፋ። ሠርቼ ሠርቼ ለውሸት የሚሆን ሳጥን ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው። እየሠራሁ እጄ ይከብደኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እስከ መቼ ነው ይህን የምትይዥው ድንቢጥ? አክስቴ ዕድሜ ይስጣትና ብዙ ትኖራለች። አንቺም እዚያ ፎቅ ላይ ብዙ ልትኖሪ ነው?

ግን አክስቴ እራቷን ትተው ብዬ አልፈርድም። ሲያልቅ እልከዋለሁ።

ሙጫው


መጋቢት 15

ለወንድሜ ልጅ፤

እንዴት ነህ ልጄ? የሰው አገር ብርድ አጥንትህን አይንካው። እኔ ደህና ነኝ፤ ተኝቶ ደህና መሆን ይቻላል ካልክ። ይህን የሚልክልህ ፀጉር አስተካካዩ ነው። ፀጉሬን ሊያስተካክል መጣ ብያታለሁ። እሱም ምስኪን እንዳይጠረጠር አንድ ጎኔን አሳጥሮኝ ሌላውን ረስቶ ሄዷል። ድንቢጥ መጻፌን አታውቅም።

ልጄ መሞቱን አውቃለሁ።

ማን ነገረሽ አትበለኝ፤ ማንም አልነገረኝም። ጎረቤት ሊጠይቀኝ ሲመጣ ከንፈሩን በእጁ ከልሎ ያስላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ሳል ይዞታል። የነገረኝ ደረጃው ነው። ልጄ ሲወጣ ሁለተኛዋን መርገጫ ዘሎ ነው የሚወጣው። ላይ ሲደርስ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥና ጫማዎቹን ይወረውራል፤ አንድ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለት። ስንት ጊዜ ተቆጣሁት። ከተኳረፍን ወዲህ ግን መዳፌን ራስጌው ላይ አድርጌ የምጠብቀው እነዚያን ጫማዎች ነበር። ዜማው ምርቃት ነው።

ከሆስፒታል የተመለስኩ ቀን አንድ ቀላል እግር ሁሉንም መርገጫ እየረገጠ ወጣ። ጫማ ሳይወድቅ ዜማው መጣ። ያኔ ገባኝ። ምስኪን ልጄ ለጣቶቿ ስትጠነቀቅ እግሯን ረሳችው። ወለሉ ሙዚቃ ብቻ የሚያቀብለኝ መሰላት።

ዓይንህን እንዳላይ ብዬው ነበር። ይኸው አላየሁትም፣ ሬሳውን እንኳ። ቃሌ ደረሰ። ይህን ትራሴ ያውቀዋል፣ ሌላ ሰው አያውቀውም፤ አንተ ሁለተኛ ነህ።

ለምን ዝም አልሽ ትለኝ ይሆናል። ከአፏ እንዲወጣ ብዬ «ልጁ ታሟል እንዴ?» ብዬ በሩን ከፈትኩላት፤ «ጉንፋን ነው» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ደግሞ፣ ለምን እዋሽሃለሁ፣ ወደድኩት። የሷ እጅና የሱ ዜማ፣ ሁለቱም ልጆቼ በአንድ ላይ መዳፌ ውስጥ ይገቡ ነበር። እሷ ለእኔ ብላ፣ እኔ ለእሷ ብዬ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነን ከረምን።

አሁን ግን በቃ። ባለፈው ያ ከበሮ መቺ በሩ ላይ ሲለምናት ከንፈሩን አየሁት። «ቦታው ያንቺ ነው፣ ከወንድምሽ አታንሺም» ይላታል። «ማምሻውን ቤት መሆን አለብኝ» ትለዋለች። ፊቷን አየሁት ልጄ። በልቶ ያልጠገበ ሰው የሌላውን ሳህን እንደሚያየው ነው የምታየው። ተመልሳ ደግሞ «ሦስት ሰው የሚያነሳው ከባድ ሳጥን ይመጣል፣ ሲወጣ እርዱኝ» ስትለው አየሁ። ከባዱን የምትሠራው አንተ ነህ። ሦስት ሰው ያወጣውን አንዲት ድንቢጥ አታወርደውም። እኔ እስክሞት እዚያ ተቀምጣ ልትጠብቀኝ ነው።

ራሷ የምትሸከመውን ላክላት። በአንድ እጇ አንስታ ከዚህ ቤት የምትወጣበትን። እራቴን እበላለሁ በላት። ሰው ሲጫወትልኝ ብቻ የምበላ የሠርግ ቤት እንግዳ አይደለሁም።

አንድ ነገር ግን ለእሷ አትንገራት። ስፒከሩ የጠፋ ቀን «ዛሬ ደህና ተጫወተ» ያልኳት ላጽናናት ብዬ አይደለም። እሷ ቀድማ ወጥታ ተቀምጣ ነበር፤ ጫማዋን ደግሞ ታች በር ላይ ነው የምታወልቀው። ቆየት ብሎ አንድ እግር ሁለተኛዋን መርገጫ ዘሎ ወጣ። ጫማዎቹ ወደቁ። አንድ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለት። እርጅና ነው በለኝ፣ መድኃኒቱ ነው በለኝ፣ አልከራከርህም። ይህ መዳፍ ግን ፋብሪካ ውስጥ ክሩ ሳይበጠስ ሊበጠስ መሆኑን ያውቅ የነበረ መዳፍ ነው። ከነገርካት እሷም ቁጭ ብላ መጠበቅ ትጀምራለች። ለመጠበቁ እኔ እበቃለሁ። እኔ እናቱ ነኝ፣ ሥራም የለኝ።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይጋርድህ። ብላ፣ ቀጭነሃል አሉ።

አክስትህ


ሚያዝያ 11

ለድንቢጥ፤

ይህን ወረቀት ከሳጥኑ ጋር አሽጌዋለሁና ሰላምታዬ ዘንድሮ ከዕቃ ጋር ተጭኖ መጥቷል። ደህና ገብቶ እንደሆነ መጀመሪያ አራቱን ማዕዘን ዳብሺ።

ማሸጊያውን ቀደሽ ስታዪው ልትጮሂብኝ ነው። አውቃለሁ። የተነጋገርነው አይደለም። ትልቁ አልቆ ነበር፣ ቀለሙ ብቻ ቀርቶት። እዚሁ ወርክሾፑ ጥግ ቆሟል፤ አለቃዬ ምሳ ይበላበታል። የላክሁልሽ ሁለት ባለ አሥር ኢንች ስፒከር ያለው ነው፣ ስምንት ኦም፣ አምፕሽ ይስቃል። እንጨቱ ቀላል ነው፤ የከበደኝን ሁሉ ቀነስኩለት። እጀታው አንድ ብቻ ነው፣ ለትንሽ እጅ የሚሆን። ከሥሩ አራት የጎማ እግር አለው። የጎማ እግር ያለው ሳጥን ንዝረቱን ወደ ወለል አያወርድም። ረስቼው አይደለም፣ አውቄ ነው። ይህ ሳጥን የሚሰማው ፊቱ ለቆመ ሰው ነው።

ማን ይሰማዋል፣ የት ይቀመጣል፣ ማን ይሸከመዋል ብዬሽ ነበር። የመጨረሻውን ዘለልሽው፤ ሌላ ሰው መለሰልኝ።

ከበሮ መቺውን ንገሪው፤ ከመጀመሪያው ልምምድ በኋላ ስድብ እጠብቃለሁ። የስፒከር ቀባሪ የሚለኝ ሰው ጠፍቶ ቤቱ ቀዝቅዟል።

ለምን እንዲህ አደረግህ ብለሽ ለእኔ አትጻፊ፤ መልሱ እዚያው ቤታችሁ ነው። የወንድምሽን ኮት ከበሩ ጀርባ አውርጂው። አምፑን አጥፊው። ከዚያ እጀታውን ያዢና ሳጥኑን አንስተሽ ወደ እናትሽ ውረጂ። እንዳይሰማባት ብለሽ ቀስ ብለሽ እንዳትረግጪ። ሁሉንም መርገጫ በራስሽ እግር እየረገጥሽ ውረጂ፤ ያንቺ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች።

ወንድምሽ ሙጫው